«ሳያይ ገባ!» — እግረኛን የመውቀስ የመቶ ዓመት ታሪክ



ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ሆነ ስለ ጨጓራ አላወራችሁም። የማወራችሁ በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ስለሰማኋት አንዲት አጭር ንግግር ነው። ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ስለሆነ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሰባት ዓመት ልጅ ይዘው መጡ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ነው፤ የቀኝ ጭኑ አጥንት ተሰብሯል። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ታላቅ እህቱ ከመንገዱ ማዶ ቆማ እጇን ስታወዛውዝለት አይቶ ወደ እሷ ሮጠ፤ መኪና ገጨው። አባቱ በላብ ተጠምቆ ደረሰ። ልጁን ያቅፈዋል ብዬ ስጠብቅ፣ አልጋው ራስጌ ቆሞ «ስንት ጊዜ ነግሬህ ነበር! ግራና ቀኝህን እይ አላልኩህም?» እያለ ይቆጣው ጀመር። ልጁም በለቅሶ መሃል «አባዬ፣ አይቼ ነበር እኮ» አለ።

ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ሹፌሩ ለትራፊክ ፖሊሱ «ሳያይ ገባብኝ» እያለ ያስረዳ ነበር። በዚያች ሰዓት እዚያ የነበርን ሰዎች ሁሉ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የተስማማን ይመስለኛል፤ ጥፋተኛው ያ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። እኔም ከተስማሙት አንዱ ነበርኩ።

ልጁ ታክሞ ዳነ። «አይቼ ነበር እኮ» ያላት ነገር ግን ከአእምሮዬ አልጠፋችም። ልጁ እውነቱን ቢሆንስ? ይህን ጥያቄ ይዤ ማንበብ ስጀምር «ሳያይ ገባ» የምንለው ፍርድ ራሱ ታሪክ እንዳለው፣ የተፈጠረበት ቦታና ጊዜም እንዳለ አወቅሁ። ያንን ታሪክ ላካፍላችሁ።

1. ደንግጣ የቆመችው እናት

ጊዜው እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1896 ነው፤ ቦታው ለንደን። ብሪጅት ድሪስኮል የተባለች የ44 ዓመት እናት ከልጇና ከጓደኛዋ ጋር ክሪስታል ፓላስ ወደሚባለው መናፈሻ ሄደች። በዚያ ቀን አንድ ኩባንያ ያን ጊዜ ለሰው ሁሉ ብርቅ የነበረውን መኪና ሰው እያሳፈረ ያስተዋውቅ ነበር። መኪናው ወደ እሷ ሲመጣ ብሪጅት ግራ ተጋብታ ባለችበት ቆመች። ገጫትና ሞተች። በብሪታንያ በመኪና ተገጭታ የሞተች የመጀመሪያዋ እግረኛ እሷ ናት።

ሹፌሩ የሄድኩት በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አለ። የዓይን ምስክሮች ደግሞ በኃይል ይበር ነበር አሉ። ነገሩን የመረመረው ሸንጎ «ድንገተኛ ሞት» ብሎ ፋይሉን ዘጋው፤ የተከሰሰ ሰው አልነበረም።

እንደ ሐኪም ልብ የምለው «ቆመች» የሚለውን ነው። ሰው በድንገት አደጋ ሲያይ አንጎሉ ከሦስት ነገሮች አንዱን ያዛል፦ መታገል፣ መሸሽ ወይም ባሉበት መድረቅ። መድረቅ የሞኝነት ምልክት አይደለም፤ በሰውነታችን ውስጥ የተሠራ፣ ሳናስብ የሚመጣ ምላሽ ነው። አንጎላችን ለብዙ ሺህ ዓመታት የለመደው የሰው፣ የከብትና የፈረስ ፍጥነትን ነው። መኪና ደግሞ ትናንት የመጣ ነገር ነው።

2. «ባላገር» የሚለው ስድብ ሕግ ሲሆን

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። እስከ 1910ዎቹ ድረስ የአሜሪካ ከተሞች መንገድ የሁሉም ነበር፤ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ይሸጥበታል፣ እግረኛ በፈለገው በኩል ይሻገራል። መኪና ሲበዛ ሞት በዛ። በ1920ዎቹ አሥር ዓመታት ውስጥ ብቻ ከ200,000 በላይ አሜሪካውያን በመኪና አደጋ አለቁ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በየከተማው መንገድ ላይ የነበሩ እግረኞች ነበሩ፤ በተለይም ሕፃናት።

በዚያን ጊዜ ሕዝቡ የወቀሰው እግረኛውን አልነበረም፤ መኪናውን ነው። ጋዜጦች ሹፌሮችን እንደ ነፍሰ ገዳይ ይስሏቸው ነበር። በ1923 በሲንሲናቲ ከተማ ከ42,000 በላይ ሰዎች ፈርመው አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ እያንዳንዱ መኪና በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር (25 ማይል) በላይ እንዳይሄድ የሚያደርግ መሣሪያ ይገጠምለት።

የመኪና ነጋዴዎች በዚህ ደነገጡ። ገንዘብ አሰባስበው ቅስቀሳ አካሄዱ፤ ሐሳቡ በድምፅ ብልጫ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ትልቅ ነገር ገባቸው፦ ከሕጉ በፊት የሰዉን አስተሳሰብ መለወጥ ያስፈልጋል።

የመረጡት መሣሪያ ኃፍረት ነበር። በእንግሊዝኛ «ጄይ» ማለት በዚያን ዘመን የከተማ ወግ የማያውቅ፣ ከገጠር የመጣ ሰው ማለት ነበር። በዘፈቀደ የሚሻገረውን እግረኛ «ጄይዎከር» እያሉ መሳደብ ተስፋፋ። ስካውት ልጆች መንገድ ላይ ቆመው በዘፈቀደ ለተሻገሩ ሰዎች ካርድ ያድላሉ፤ በየትምህርት ቤቱም «መንገድ ለመኪና ነው» የሚል ትምህርት ይሰጣል። በ1925 ሎስ አንጀለስ እግረኛው ከተወሰነ ቦታ ውጭ እንዳይሻገር የሚከለክል ደንብ አወጣች። ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። የታሪክ ተመራማሪው ፒተር ኖርተን ይህን ሁሉ በዝርዝር ጽፎታል።

ይህ ለእኛ አዲስ ነው? በመስኮት ብቅ ብሎ «ዛሬ ነው እንዴ ከተማ የገባኸው?» የሚል ሹፌር ሰምታችሁ አታውቁም? አንድ ሰው ሲሰደብ ያፍራል፤ ሲያፍር ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ያምናል። ዘጠኝ እግረኛ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ካመነ ደግሞ አሥረኛው ስለ መንገዱ አይጠይቅም።

3. «አደጋ የሚስበውን ሰው» ፍለጋ

በዚያው ዘመን ሳይንሱም በዚሁ መንገድ ሄደ። በ1919 ሜጀር ግሪንዉድና ሂልዳ ዉድስ የተባሉ የብሪታንያ ተመራማሪዎች የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞችን አጥንተው አደጋ በሁሉም ላይ እኩል እንደማይደርስ፣ ጥቂቶች ላይ እንደሚደጋገም አሳዩ። ከዚህ ተነስተው በርካታ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለአሥርት ዓመታት አንድ ነገር ፈለጉ፦ «በተፈጥሮው አደጋ የሚስብ» ሰው። ያንን ሰው በፈተና ለይተን ከመንገድ ካስወጣነው አደጋ ያልቃል አሉ።

ፍለጋው ብዙም ፍሬ አላፈራም። ዛሬ አደጋ የደረሰበት ሰው ነገ የግድ አይደርስበትም፤ አብዛኛው አደጋም የሚደርሰው በእንደ እኔና እናንተ ባለ ተራ ሰው ላይ ነው።

ይልቅስ እውነቱን በቀልድ የተናገረው አንድ የካርቱን ፊልም ይመስለኛል። በ1950 ዋልት ዲዝኒ ባወጣው «ሞተር ማኒያ» ላይ ጉፊ ጉንዳን እንኳ የማይረግጥ ጨዋ እግረኛ ነው። መሪ ሲጨብጥ ግን ዓይኑ ይቀላል፤ ይሳደባል፤ በሰው ላይ ይነዳል። ከመኪናው ሲወርድ እንደገና ጨዋው ሰውዬ ይሆናል። ሰውየው አንድ ነው፤ የተለወጠው ያለበት ቦታ ነው። እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ። ስትነዱ «እነዚህ እግረኞች አስቸገሩ» ትላላችሁ፤ መኪናችሁን አቁማችሁ ስትሻገሩ ደግሞ «እነዚህ ሹፌሮች ሰው አይደሉም» ትላላችሁ። ሁለቱንም የምትሉት እናንተው ናችሁ።

4. ሐኪሙ ጥያቄውን ቀየረው

በ1966 አሜሪካ ለመንገድ ደኅንነት አዲስ መሥሪያ ቤት ስታቋቁም ኃላፊ ያደረገችው ዊልያም ሃደን የተባለ ሐኪም ነበር። ሃደን የሕዝብ ጤና ሰው ስለነበር የመኪና አደጋን እንደ ወባ አየው። ወባን ስንከላከል «ለምን በትንኝ ተነደፍክ?» ብለን በሽተኛውን አንቆጣም። ትንኙን፣ ውኃው የተኛበትን ቦታና አጎበሩን እናያለን።

በመንገድ ላይ ሰው የሚጎዳው ነገር ምንድን ነው? ግዴለሽነት አጥንት አይሰብርም። አጥንት የሚሰብረው ጉልበት ነው፤ ከመኪናው ወደ ሰው ገላ የሚተላለፍ ጉልበት። ይህ ጉልበት ደግሞ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር በአራት እጥፍ ያድጋል። በ60 የሚሄድ መኪና በ30 ከሚሄደው አራት እጥፍ ጉልበት ይዞ ይመጣል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው መኪና ከፊት ለፊቱ የገጨው እግረኛ የመሞት ዕድሉ ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲጨምር 4 እጥፍ ተኩል ያድጋል።

5. «አይቼ ነበር እኮ»

አሁን ወደዚያ ልጅ ጥያቄ ደረስን።

በ1960ዎቹ ስቲና ሳንዴልስ የተባለች ስዊድናዊት ተመራማሪ ትንንሽ ልጆች በመንገድ ላይ ምን እንደሚያደርጉ በትዕግሥት አጠናች። በ1968 ባወጣችው መጽሐፍ ያስቀመጠችው መደምደሚያ ወላጆችንም ባለሥልጣናትንም ያስደነገጠ ነበር፦ ትንሽ ልጅን በትምህርት ብቻ ለመኪና መንገድ ማዘጋጀት አይቻልም። ልጁ ሕጉን በቃሉ ያውቀዋል፤ ስትጠይቁት በትክክል ይመልሳል። ኳስ ሲያመልጠው ወይም የሚወደውን ሰው ሲያይ ግን የተማረው ሁሉ ይጠፋበታል። ድምፅ ከየት እንደመጣ መለየትና ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማሰብ ገና ይቸግረዋል። ይህ የጠባይ ችግር አይደለም፤ የዕድሜ ጉዳይ ነው።

በ2011 ደግሞ በለንደኑ ሮያል ሆሎዌይ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አገኙ። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር (20 ማይል) በላይ የሚመጣን መኪና እየቀረበ መሆኑን በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት አይችሉም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አንድ ነገር ወደ እኛ ሲመጣ የምናውቀው ምስሉ በዓይናችን ውስጥ እየሰፋ ስለሚሄድ ነው። በፍጥነት የሚመጣ መኪና እኛ ጋ ለመድረስ አምስት ሰከንድ ሲቀረው ገና ሩቅ ላይ ነው፤ ስለዚህ ምስሉ የሚሰፋው በጣም በዝግታ ነው። የአዋቂ ዓይንና አንጎል ይህን ትንሽ ለውጥ ይይዘዋል፤ የልጅ ግን ያመልጠዋል።

አሁን ልብ በሉ። ልጁ ዞሮ ያያል። መኪናውንም ያየዋል። ግን የቆመ ይመስለዋል። ከዚያ ይሻገራል።

ያ ልጅ «አይቼ ነበር እኮ» ሲል አልዋሸም ነበር ማለት ነው። አባትየው የጠየቀውን አድርጓል፤ ግራና ቀኙን አይቷል። ያላየው ዓይኑ ሊያየው የማይችለውን ነው።

6. ቁጣቸውን ወደ መንገዱ ያዞሩ ወላጆች

በ1971 በኔዘርላንድስ (ሆላንድ) 3,300 ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞቱ፤ ከእነሱ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ቪክ ላንገንሆፍ የተባለ ጋዜጠኛ የስድስት ዓመት ልጁን በዚህ አደጋ አጣ። በቀጣዩ ዓመት «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ርዕሱም የአንድ ትልቅ እንቅስቃሴ ስም ሆነ።

ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው አደባባይ ወጡ፤ መንገድ ዘግተው የመጫወቻ ቦታ አደረጉት። በ1973 የነዳጅ እጥረት ሲመጣ መንግሥት በእሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሕዝቡም ያለ መኪና የዋለች ከተማ ምን እንደምትመስል አየ። በ1976 በመኖሪያ ሰፈር መንገዶች ላይ እግረኛና ልጅ ቅድሚያ እንዲኖራቸው፣ መኪና በእግር እርምጃ ፍጥነት እንዲሄድ የሚያደርግ ሕግ ጸደቀ። ቀጥሎም የብስክሌት መንገድ በየከተማው ተዘረጋ። የፍርድ ቤቶቻቸው አቋምም ተቀየረ፦ ከ14 ዓመት በታች የሆነ እግረኛ ወይም ብስክሌተኛ በመኪና ቢገጭ፣ ልጁ ቢሳሳትም እንኳ ካሳው በባለመኪናው ወገን ላይ ያርፋል። ልጅ መሳሳቱ አይቀርም፤ ይህን አውቆ መንዳት ያለበት አዋቂው ነው ብለው ነው።

ዛሬ በዚያች አገር በዓመት በመንገድ የሚሞተው ሰው 700 ገደማ ነው፤ ያውም የሕዝቡም የመኪናውም ቁጥር እጅግ ጨምሮ። የሆላንድ ልጆች በ1971 ከነበሩት የበለጠ ጠንቃቆች ሆነው አልተወለዱም። የተለወጠው መንገዱ ነው።

በ1997 የስዊድን ፓርላማ ይህንኑ አስተሳሰብ «ዜሮ ራዕይ» ብሎ ሕግ አደረገው። ሐሳቡ በአጭሩ፦ ሰው ይሳሳታል፤ የስህተቱ ዋጋ ግን ሞት መሆን የለበትም።

7. የእኛስ መንገድ?

በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉ ልጆችና ወጣቶች ደግሞ ከበሽታም ሁሉ ቀድሞ የሚገድላቸው ይህ ነው። በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው።

በቀለበት መንገድ መሃል ያለውን አጥር ዘሎ የሚሻገር ሰው ስታዩ ምን ትላላችሁ? «ድልድዩ እዚያ አለ አይደል?» ትሉ ይሆናል። ግን እስቲ አስቡት። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ዘንቢል ተሸክመው ሩቅ ወዳለው ድልድይ ሄደው፣ ደረጃውን ወጥተውና ወርደው፣ ተመልሰው ፊት ለፊታቸው ወዳለው ታክሲ ሊደርሱ ነው። የሰው ባሕርይ በየትም አገር አጭሩን መንገድ ይመርጣል። መንገድ የሚሠራ ሰው ይህን ካላሰበ እግረኛው ሳይሆን ንድፉ ተሳስቷል።

የእኛም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የመኪና ባለቤት የግል ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ከኃላፊነት ማምለጥ የሚችለው ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ሲሆን ነው። «ሳያይ ገባ» የምትለው ቃል ለምን ቶሎ ከአፍ እንደምትወጣ አሁን ሳይገባችሁ አይቀርም። ስለዚህ እናንተም የዓይን ምስክር ስትሆኑ ያላያችሁትን አትጨምሩ።

እግረኛው ምንም አይጠንቀቅ እያልኩ አይደለም። ጥንቃቄ ሕይወት ያድናል። ነገር ግን ጥንቃቄን የምንጠይቀው ከሚችለው ሰው ነው፤ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠየቀውም የበለጠ ጉልበት የያዘው ነው።

ዛሬ ምን እናድርግ?

👉 ልጃችሁን ከትምህርት ቤት ስትቀበሉ እሱ ባለበት በኩል ቆማችሁ ጠብቁት። ከመንገድ ማዶ ሆናችሁ አትጥሩት፤ እጃችሁንም አታወዛውዙለት። በዓይኑ የሚያያችሁ እናንተን ብቻ ነው።

👉 ቢያንስ እስከ አሥር ዓመቱ ድረስ ትልልቅ መንገዶችን ብቻውን እንዲሻገር አትተዉት። ሕጉን በቃሉ ማወቁ አያታልላችሁ። እጁን ይዛችሁ በዚያው መንገድ ላይ ደጋግማችሁ አለማምዱት።

👉 አሽከርካሪ ከሆናችሁ በትምህርት ቤትና በገበያ አካባቢ ከ30 በታች ንዱ። በ60 ስትነዱ ደንግጣችሁ ፍሬን እስክትረግጡ በምታልፈው አንዲት ሰከንድ ብቻ ከ16 ሜትር በላይ ትሄዳላችሁ፤ በ30 ግን 8 ሜትር።

👉 ዜብራ ላይ አንድ መኪና ቆሞ ካያችሁ እናንተም ቁሙ። እሱ የቆመለት ሰው ለእናንተ አይታያችሁም።

👉 በዕድሜ የገፉ ሰዎች ቀስ ብለው ነው የሚሻገሩት። ጥሩንባ አትንፉባቸው፤ ሲደነግጡ ባሉበት ይደርቃሉ። ብሪጅትን አስታውሱ።

👉 በሰፈራችሁ ሰው በተደጋጋሚ የሚገጭበት ቦታ ካለ ተሰብስባችሁ ወረዳውንና የትራፊክ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ፤ ዜብራ፣ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ መብራት። የሆላንድ ወላጆች የጀመሩት በዚሁ ነው።

👉 ሰው ተገጭቶ ካያችሁ ጎትታችሁ አታንሱት፤ አንገቱ ወይም አከርካሪው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። መኪና እንዳይደርስበት ከልሉ፣ የሚደማውን በጨርቅ ተጭናችሁ ያዙ፣ ወደ 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ ደውሉ።

ከወራት በኋላ ያ አባት ልጁን ለክትትል ይዞት መጣ። ልጁ በትንሹ እያነከሰ፣ ግን እየሳቀ ነበር። ይህን ሁሉ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ስለነበር በዚያን ቀን ልነግረው አልቻልኩም። ብነግረው ኖሮ የምለው አጭር ነበር፦ «ልጅህ አልዋሸህም፤ እንዳስተማርከው አይቷል። የቀረውን ማየት የነበረብን እኛ ትልልቆቹ ነን።»

ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በየት በኩል እንደሚሻገሩ ጠይቋቸው፤ ነገም አብራችኋቸው ሂዱና እዩት። አካባቢያችሁ ያለውን አስቸጋሪ መሻገሪያ በኮሜንት ጻፉልን፤ ለአሽከርካሪ ወዳጆቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።

በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።